የይመኙሻል ምዝገባ

ነሐሴ 10

ልጄ መጣች! የእናቴ ጎረቤት ከዝቋላ ከመጣው የጽፅቃ መኪና ላይ አቅፎ ሲያወርዳት ከምሠራበት የመናኸሪያው ትኬት መቁረጫ መስኮት ሆኜ አየኋት። ወረፋውን ጥዬ ወጣሁ። «ኧረ አንቺ እህት፣ እኛስ?» ይላል ሰው ከኋላዬ። ምን አገባኝ!

ይመኙሻል ረዝማለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። እናቴ ጸጉሯን ጥብቅ አድርጋ ሠርታ ነው የላከቻት። ስስማት ሳቀች፤ ከዚያ መንገዱን፣ የአያቷን ፍየል፣ መኪና ውስጥ ያስመለሳትን ሴትዮ ሁሉ በአገውኛ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችልኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ «ለትንሽ ጊዜ» ብዬ ነበር ዝቋላ ለእናቴ የሰጠኋት። ገና አፏን በቅጡ አልፈታችም ነበር። ከዚያ መንገዱም ሥራውም አልመች አለና ትንሹ ጊዜ ይኸው እዚህ ደረሰ። አሁን ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንደኛ ክፍል ልትገባ መጣች። አማርኛ ግን የላትም። እናቴ በአገውኛ ነው ያሳደገቻት፤ እኔም ለፋሲካ ስሄድ በአገውኛ ስናወራ ነው ያመሸነው።

ስለዚህ ወሰንኩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አማርኛ ብቻ። እኔ አንዲት ቃል በአገውኛ ካልመለስኩላት ሳትወድ በግዷ ትለምዳለች። ልጅ አይደለች? መስከረም ሳይጠባ ታንበለብለዋለች።

ደንቡን ልነግራት ፈልጌ ነበር። ግን በምን ልንገራት? በአገውኛ ከነገርኳት ደንቡን ራሴ አፈረስኩት። በአማርኛ ብነግራት አይገባትም። ዝም ብዬ ጀመርኩት።

ነሐሴ 13

ላይኛው ትምህርት ቤት ምዝገባ በ26 ይጀምራል። ላይኛው የምንለው ከቤታችን ወጥቶ አስፋልቱን ሲሻገሩ ያለውን ነው፤ ሁሉን በአማርኛ ያስተምራሉ። ታችኛው ከገበያው ወዲያ ነው፤ እስከ አራተኛ ክፍል በኽምጣና ያስተምራሉ። ኽምጣና የመሥሪያ ቤት ስሙ ነው፤ እኛ አገውኛ ነው የምንለው። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። ዘንድሮ ወላጅ የፈለገውን መምረጥ ይችላል ተብሎ በድምጽ ማጉያ ሲለፈፍ ሰነበተ።

ምርጫ ያለው ሰው ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እኔ ግን ይህንኑ ሳስብ ወጥ አሳረርኩ።

ላይኛው ነው። ምንም ጥያቄ የለውም። ላይኛው።

ሲመዘግቡ ልጁን ይጠይቁታል አሉ። ስለዚህ እያስጠናኋት ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። «ይመኙሻል ሸጋው። ሰባት። ቀበሌ ሁለት።» እንደ መዝሙር ይዛዋለች። ጎበዝ!

ነሐሴ 17

ሻደይ ነው። ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው መናኸሪያውን ሞሉት፤ ሹፌሮቹ ጥሩምባ እየነፉ ያጅባሉ። አንዱ ቡድን በአማርኛ ይጨፍራል፣ አንዱ በአገውኛ።

ይመኙሻል ቀሚሴን ጎትታ በአገውኛ ጠየቀችኝ። ቅጠሉን ወገቧ ላይ እንዳስርላት ነው። «በአማርኛ ጠይቂኝ» አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ደግማ ጠየቀችኝ፤ አሁን ቀስ ብላ፣ ጮክ ብላ፣ ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንደሚነገረው። «በአማርኛ!» አልኩ። እጇን ከቀሚሴ ላይ አነሳች።

ባስርላትስ ምን ነበረበት? ግን አንዴ ከተሸነፍኩ አለቀልኝ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ነሐሴ 21

ሥራ በዝቷል። ጥድፊያ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ላይ መጥተው በአገውኛ የጽፅቃ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠየቁኝ። በአማርኛ መለስኩላቸው። በተሰባበረ አማርኛ «ልጄ፣ አንቺ የወለተ ሰንበት ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ። «ቀጣይ!» አልኩ።

ምን ሆኜ ነው? የእናቴ ስም ሲጠራ እንዲህ የምደናበረው ምን ሆኜ ነው?

ነሐሴ 23

እናቴ ደወለች። ጓሮ ወጥቼ አወራኋት። ያቺ አመለኛ ፍየል የጎረቤት ጎተራ ውስጥ ገብታ ስትያዝ የሆነውን ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ስዞር ይመኙሻል የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች እንጃ። ፊቷ ጥሩ አይደለም። ስልኩን ልሰጣት ስል ወደ ውስጥ ሮጠች።

ታዲያ እናቴን በምን ላናግራት? አማርኛ አትችልም።

ማታ ከሥራ ስገባ ውሃ በሳህን ይዛ ጠበቀችኝ፤ እግርሽን ካላጠብኩ አለች። ማለቴ አላለችም፤ እግሬን ያዘች። እናቴ አሳድጋታለች መቼም! ሥርዓቷ ደስ ሲል። «አመሰግናለሁ በይ» አልኳት፤ ተሳስቼ። እኔ ነኝ ማመስገን የነበረብኝ።

አሁን አሁን ጭራሽ ድምጿ አይሰማም። አማርኛው እየገባ ነው ማለት ነው፤ ልጆች ሊናገሩ ሲሉ መጀመሪያ ዝም ይላሉ ይባላል። ማን ነው ያለው? እንጃ፤ የሆነ ሰው ብሏል።

ነሐሴ 26

ውርደት ነው። ምን ብዬ ልጻፈው?

ወረፋው ረጅም ነበር። የተመዘገቡት በደስታ፣ ያልተመዘገቡት በግፊያ። መዝጋቢው መምህር ምስጋናው ይባላል፤ ደግ ሰው ነው። መጀመሪያ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ወዲያኛውን ጆሮዋን እንድትነካ በምልክት አሳያት። ነካች። ዕድሜዋ ደርሷል ማለት ነው። ልቤ ረጋ።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፤ ከማን ጋር መጣሽ?» አላት።

«ይመኙሻል ሸጋው» አለች።

«ጎበዝ! ስምሽስ?»

«ሰባት።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት ፍርፍር ብላ ሳቀች። መምህሩ እርሳሱን አነሳና «ይሄስ ምንድነው?» አላት።

«ቀበሌ ሁለት።»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ይመኙሻል የሳቁት ጎበዝ ስለሆነች መሰላት፤ እሷም ሳቀች። መልሱ ስላለቀባት ከመጀመሪያው ጀመረችው፣ «ይመኙሻል ሸጋው፣ ሰባት...» አፏን በእጄ ያዝኩት። በሰው ፊት! የልጄን አፍ!

መምህሩ ጎንበስ ብሎ «ቋንቋው ይመስለኛል እናት፤ አገውኛ ነው የምትናገረው?» አለኝ።

«አይ! ዓይን አፋር ናት እንጂ» አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ነው የተናገረው። እሱም ሰው አክባሪ ስለሆነ እሺ አለ። «እንግዲያው እንደዚህ ሆና አንደኛ ክፍል አትችለውም። ዘንድሮ ኦ ክፍል ከትንንሾቹ ጋር ትቀመጥ። ወይም ደግሞ ታችኛውን ይሞክሩ። ምዝገባው መስከረም 20 ይዘጋል፤ እስከዚያ ይወስኑ።»

ኦ ክፍል! አፍንጫቸውን ከማይጠርጉት ጋር! ቁመቷ በሩን አልፎ!

ነሐሴ 27

ዛሬ ደግሞ ራሴን ጠላሁት። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ነሐሴ 29

ባለቤቴ ሸጋው ከወልድያ ደወለ። የጭነት መኪና ነው የሚያሽከረክረው፤ ከመንገድ ይደውላል። ሁሉን ነገርኩት። ላይኛው በኦ ክፍል፣ ታችኛው በአገውኛ፣ ወይም እናቴ ጋ ተመልሳ እዚያው ዝቋላ ትማር። የትኛው ይሻላል?

«አንቺ ያልሽው ይሁን» አለ።

ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳ «እኔ ያልኩት ይሁን» ቢለኝ ምን ነበረበት! ዘልዬ እጣላው ነበር፤ ግን ቢያንስ የምጣላው ነገር አገኝ ነበር። እሱ እንደሆነ አገውኛ አያውቅ፤ «ልጅቷ ስልክ ላይ ለምን አታወራኝም?» ይላል። ምን ልበለው?

ጳጉሜ 2

ጠዋት ቤቱን ጠርጌ ስወጣ ደጃፌ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ድንጋይ ተቀምጧል። ይመኙሻል አጠገቡ ጎንበስ ብላ ቆማለች፤ ማጅራቷ አፈር በአፈር ሆኗል። ትናንት ያጠብኩትን ቀሚስ! «ምን ልሁን ነው የምትይው?» ብዬ ጮህኩባት። ድንጋዩን አንስቼ መንገድ ዳር ወረወርኩት። መኪና ሊወጣ ነው፤ ሮጥኩ።

የዕቃቃ ቤት ልትሠራ ይሆናል። ትሥራ፤ ግን ደጃፍ ላይ?

መስከረም 1

ዓመት ጠባ። ለይመኙሻል አዲስ ቀሚስ ከሀሚዳ ሱቅ ገዛሁላት። ሀሚዳ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጨርቅ የምትሸጠው ጓደኛዬ ናት። የእሷ በዓል ባይሆንም «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ከረሜላ ጨመረችላት። ይመኙሻል ቀሚሱን ስትለብስ አላየችውም እንኳ፤ እኔን ነው የምታየው። ደስ ብሎኝ እንደሆነ ለማወቅ ይመስል።

«ያምርብሻል» አልኳት። ጠበቀች። «ያምርብሻል!» አልኩ እንደገና። ሌላ ምን ልበል?

መስከረም 5

ሀሚዳ ጉድ ነገረችኝ። ልጇን ዓሲያን ታችኛው አስመዝግባታለች!

«አብደሻል?» አልኳት። «እናንተ ቤት አማርኛ ነው የሚነገረው። ልጅሽ ምን በድላሽ ነው?»

«ወላሂ ማስተዋል፣ አንቺ ነሽ ያበድሽው» አለችኝ። «ከዝቋላ፣ ከአበርገሌ የሚመጣው ገበያተኛ በምን ቋንቋ የሚከራከረኝ ይመስልሻል? እኔ አገውኛ የለመድኩት ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ እየተሳሳትኩ፣ እየተሳቀብኝ ነው። እሷ ተቀምጣ ትማረው። አማርኛውን እንደሆነ ከእኔ ጡት ጋር ጠብታዋለች።»

«አራተኛ ክፍል ሲያልቅስ?»

«ያኔ ያኔ ነው። አንቺ ገና ያልገባችውን ልጅ ታስመርቂያለሽ።»

ግራ ገባኝ። አማርኛ ያላት አገውኛ ትፈልጋለች፤ አገውኛ ያላት እኔ አማርኛ እፈልጋለሁ። ከሁለታችን አንዳችን ተሳስተናል። ወይም ሁለታችንም።

መስከረም 7

ድንጋዩ ተመልሷል! ያው ራሱ አይደለም፤ ይሄኛው ይበልጣል። ከየት ነው የምታመጣው? እንደገና ማጅራቷ አፈር ሆኗል። ጎንበስ ብላ ቆማለች፤ ቀና አትልም። ስገስጻት ደግሞ አታለቅስም።

ደጄን የድንጋይ ክምር ልታደርገው ነው እንዴ? ቦዩ ውስጥ ጣልኩት።

መስከረም 10

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ይመኙሻል ሀሚዳ ሱቅ ውስጥ ከዓሲያ ጋር ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ታወራለች። ታወራለች! እጇን እያወናጨፈች፣ በአገውኛ፣ ልክ ከመኪና እንደወረደችበት ቀን። ሀሚዳ በዚያ ስብርብር አገውኛዋ ትመልስላታለች፤ ልጆቹ ይስቁባታል። እኔ ስገባ ዝም አለች። እንደ ሬዲዮ ዘጋችው።

ቀናሁ። በጓደኛዬ ቀናሁ፤ ምን አለበት ብጽፈው?

«ምን ምን ትልሻለች?» አልኳት ሀሚዳን።

ሀሚዳ ጨርቁን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። «ለምን እሷን አትጠይቂያትም?»

«በአማርኛ አትመልስልኝም!»

«እኔ በአማርኛ ጠይቂያት አልኩሽ?» አለች። ተቆጥታለች። ሀሚዳ ተቆጥታብኝ አታውቅም። ምን አድርጌያት ነው?

መስከረም 12

ወሰንኩ። ዝቋላ ትመለስ። እናቴን ደውዬ ነገርኳት፤ ለመስቀል መጥታ ሰንብታ በ19 ይዛት ትሄዳለች። ለልጅቷ ነው የሚሻላት። እዚያ ታወራለች።

እናቴ «ልጅቷ ምን አለች?» አለችኝ። «ልጅ ምን ትላለች!» አልኩ።

መስከረም 15

የዕረፍት ቀኔ ነው። ቤቱ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ። እንግዲህ ልጻፈው፤ ምናልባት ሲጻፍ ይጠራ ይሆናል።

ላይኛው ብትገባ፣ በኦ ክፍል አንድ ዓመት ትዋረዳለች፤ ግን አማርኛውን ትይዛለች፤ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሁሉ በአማርኛ ነው። ታችኛው ብትገባ፣ ዛሬውኑ አንደኛ ክፍል ናት፤ ግን አምስተኛ ላይ ሁሉ ነገር ይለወጥባታል፤ ያኔ ማን አለላት? ዝቋላ ብትሄድ፣ እናቴ አለችላት፤ እኔ ግን የለሁላትም። ከሦስቱ አንዱን ይዤ ሳልጨርስ ሌላው ይሻላል እላለሁ። ዞሬ ዞሬ ከጀመርኩበት እገኛለሁ።

ሀሚዳ «ፍራቻሽ የራስሽ ነው፤ ልጅቷ ላይ አትጫኚው» አለችኝ አንድ ቀን። ምን ታውቃለች? እሷ እዚሁ አስፋልት ላይ ነው የተወለደችው። እኔ ከዝቋላ መጥቼ እዚህ ትምህርት ቤት ስገባ ሽንቴ ሲመጣ ለመውጣት እንዴት እንደሚያስፈቅዱ አላውቅም ነበር። ቃሉን አላውቀውም። መምህሩን አየሁ፣ በሩን አየሁ። ከዚያ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም። ለብዙ ጊዜ የሰጡኝንም ስም አልጽፈውም። ያቺ ልጅ እንደኔ አትሆንም፤ በቃ! ይሄን ነው የምለው።

ይህን እየጻፍኩ ይመኙሻል መጥታ ጉልበቴ ላይ ጭንቅላቷን አስደገፈች። ዳበስኳት። ቀና ብላ አፌን፣ አፌን ታያለች። ልናገር አልኩና ተውኩት። በአማርኛ ብናገር ታዝናለች፣ በአገውኛ ብናገር ያንን ሁሉ ቀን ለምን አስጨነቅኳት? ደግሞስ አራት ቀን ለቀረው።

መስከረም 17

መስቀል። እናቴ መጣች። ይመኙሻል አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱ ሲያወሩ ዋሉ፤ እኔ ስገባ ልጅቷ ድምጿን ትቀንሳለች። እናቴ ደጋግማ ታየኛለች። «ምነው?» ስላት «ምንም» ትላለች። ሁሉም ሰው በዚህ ቤት የሆነ ነገር ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

መስከረም 19

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር፤ ከበዓል ተመላሽ ነው። የእናቴንና የልጄን ትኬት ራሴ ቆረጥኩ። እናቴ ዕቃ ልታስጭን ሄደች። ይመኙሻልን ከእሷ ጋር መስሎኝ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ ወረፋው ጸጥ አለ። ወረፋ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቀና ስል ሰዉ ግራና ቀኝ መንገድ ለቋል፤ ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። በመሃል ልጄ ትመጣለች። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች። ራሷን የሚያህል ድንጋይ! በሁለት እጇ ይዛው፣ ጎንበስ ብላ፣ መሬት መሬት እያየች እስከ መስኮቴ ድረስ መጣች። እዚያ ቆመች።

አዲሱ ቀሚስ አፈር ሆኗል። ማጅራቷ አፈር ሆኗል።

ያኔ ገባኝ። ኧረ አምላኬ፣ ያኔ ነው የገባኝ! ጳጉሜ ላይ። መስከረም 7። ደጃፌ ላይ። የዕቃቃ ቤት አልኩ እኮ! ቦይ ውስጥ ጣልኩት እኮ! በእኛ አገር ሰው ያስቀየመውን ሊታረቅ ሲመጣ ድንጋይ ተሸክሞ አይደለም እንዴ የሚመጣው? ስንት ጊዜ ሽማግሌ ሲያስታርቅ አይቼ፣ የገዛ ልጄ ደጄ ላይ ቆማ ይቅርታ ስትለምነኝ ቀሚስሽ ቆሸሸ ብዬ ጮህኩባት።

«ይህች ሕፃን ማንን አስቀይማ ነው?» አለ አንዱ።

ተራ አስከባሪው ይርዳው እኔን አየ፣ ልጅቷን አየ። «ማስተዋል! ልጅሽ አይደለችም እንዴ? በይ እንጂ፣ ይቅር በያት!»

«ይቅር የምለው ነገር የለኝም!» አልኩ። ምንም አላጠፋችም ማለቴ ነበር። ሰዉ ግን እምቢ አለች ብሎ ሰማው።

«ውይ! ጨካኝ!» አለች አንዲት ሴት። «ለፈጣሪ ብለሽ!» ይላል ሌላው። «ልጅ ናት፣ ብታጠፋስ!» ሽማግሌዎቹ ከልጄ ኋላ ተሰልፈው እነሱም ጎንበስ አሉ። ስለ ልጄ እኔን ይለምኑኛል! መስኮቱ ጠባብ ነው፤ እጄን ባወጣም አልደርስባትም። በሩ ደግሞ በኋላ በኩል ነው። እንዴት እንደዞርኩ አላስታውስም።

እናቴ ቀድማኝ ደርሳለች። ልጅቷን በአገውኛ «ምን አድርገሻት ነው?» አለቻት።

ይመኙሻል ከድንጋዩ ሥር ሆና፣ ቀና ሳትል መለሰች። «አላውቅም። እማዬ አኩርፋኛለች። ከመጣሁ ጀምሮ አታናግረኝም። ከአንቺ ጋር ታወራለች፣ ትስቃለች፤ እኔን ብቻ ነው። ያጠፋሁትን አላውቀውም። ሳልታረቃት መኪና ላይ አልወጣም።»

ድንጋዩን ከማጅራቷ አነሳሁ። ከባድ ነው። እንዴት ተሸከመችው? እዚያው ድንጋዩን ታቅፌ ተንበረከክኩና «አላኮረፍኩሽም» አልኳት። በአገውኛ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «አላኮረፍኩሽም የኔ እናት፣ አላኮረፍኩሽም፣ ምንም አላጠፋሽም።» ድምፄ የእናቴን ድምፅ መሰለኝ። ነሐሴ 21 ላይ «ቀጣይ» ያልኳቸው ሽማግሌ ወረፋው ላይ ነበሩ፤ ለበዓል መጥተው ሲመለሱ ነው። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ይመኙሻል ፊቴን ነካች። «ታዲያ ለምን አታወሪኝም ነበር?» አለችኝ።

ለላይኛው ትምህርት ቤት ብዬ ነው ልበላት?

ድንጋዩን የት እንደማስቀምጠው ግራ ገብቶኝ ለእናቴ ዘረጋሁላት። እናቴ አልተቀበለችኝም። «ያዥው» አለችኝ። «ያንቺ ነው።»

እናቴም ጉዞውን ትታ፣ እኔም ድንጋዩን ተሸክሜ ሦስታችን ወደ ቤት ገባን። በመንገድ ላይ ሀሚዳ ከሱቋ ወጥታ አየችን፤ ከልጄ ቀሚስ ላይ አፈሩን አራገፈችላት። ለካ ነግራት ኖሯል። ለካ ልጄ «እማዬ አኩርፋኛለች» ብላ ለእሷ ነግራት ኖሯል።

መስከረም 20

የምዝገባ መዝጊያ። ጠዋት እናቴ፣ እኔና ይመኙሻል ተቀመጥን። ላይኛውን፣ ታችኛውን፣ ዝቋላን አንድ በአንድ በአገውኛ ነገርኳት። እስከዛሬ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ ባለቤቴን፣ መምህሩን፣ ሀሚዳን፣ እናቴን። እሷን ብቻ ነው ያልጠየቅኋት።

አስባ አስባ «ዓሲያ የገባችው የት ነው?» አለች።

«ታችኛው።»

«እንግዲያው እዚያ» አለችና ዳቦዋን ቀጠለች።

በቃ? ለዚህ ነው ያን ሁሉ ቀን ስብሰለሰል የኖርኩት?

ታችኛው ስንደርስ መምህርቷ በአገውኛ «ከማን ጋር መጣሽ?» አለቻት። ይመኙሻል ከእኔ ጀምራ በአያቷ በኩል ወደ ፍየሏ ተሻገረች፤ መምህርቷ ሳቀችና እጇን አነሳች፤ «በቃ፣ በቃ፣ ተመዝግበሻል!» ወደ እኔ ዞራ በአገውኛ መታወቂያ ጠየቀችኝ። በአገውኛ መለስኩ። አጠገቤ የቆሙት እናት ገልመጥ አድርገው አዩኝ። ይዩኝ።

ትክክል ልሁን ልሳሳት አላውቅም። አራተኛ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አማርኛውን ማታ ማታ አስጠናታለሁ፤ አሁን ግን ለምን እንደሆነ አስቀድሜ በምትሰማው ቋንቋ ነግሬያታለሁ። «እሺ፤ ግን ስትጨርሺ ወደ አገውኛ መልሺው» ብላኛለች።

መስከረም 22

እናቴ ብቻዋን ተሳፈረች። ትኬቷን የቆረጥኩላት በአገውኛ ነው። ይርዳው «ዛሬ ምን ነካሽ?» እያለ ሲያሾፍብኝ ዋለ።

መስከረም 26

ትምህርት ተጀመረ። ዓሲያና ይመኙሻል እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፊት፣ እኔና ሀሚዳ ከኋላ። በሩ ላይ ሰው ብዙ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሁሉ አሉ። ልማድ አይለቅም፤ «በይ ደህና ዋይ» አልኳት በአማርኛ።

ይመኙሻል ጥቂት ሄዳ ቆመች። ወደ መሬት አየች። ከዚያ ጎንበስ አለች፤ እጇ መሬት ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

ድንጋይ ልታነሳ መሰለኝ። ሰው ገፍቼ፣ ቦርሳዬ ወድቆ፣ ባለኝ ድምፅ ሁሉ በአገውኛ ጮህኩ። «ይመኙሻል! ደህና ዋይ የኔ እናት! አላኮረፍኩም! ስትወጪ እዚሁ ቆሜ ታገኚኛለሽ!» ግቢው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሀሚዳ በሻሿ አፏን ሸፍናለች።

ለካ የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ነው። አስራ ጨርሳ ቀና አለች።

«ሰማሁ እኮ፤ ምን ያስጮህሻል?» አለችኝ በአገውኛ፤ ከዚያ ከዓሲያ ጋር ወደ ክፍሏ ገባች።